ወደ ገርንዚ ደሴት በብርዱ ወራት፦ የቪክቶር ሁጎ ቤት ተዘግቶ ሳለ መሄድ ያዋጣል?

የብሪስቶሏ አንባቢ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ነዋሪነታችን በብሪስቶል ሲሆን፣ ሁለታችንም ግርግር ስለማንወድ ለዕረፍት የምንወጣው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰና የሆቴል ዋጋ ረገብ ካለ በኋላ ነው። ዘንድሮ የመረጥነው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የባሕር ሰርጥ ውስጥ፣ ለፈረንሳይ ጠረፍ ቀረብ ብላ የምትገኘውን የገርንዚን ደሴት ነው። ምክንያታችን ፈረንሳዊው ደራሲ ቪክቶር ሁጎ ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ወደ አማርኛ የመለሱትን ታላቅ ልብ ወለዱን በተማሪነቴ ካነበብሁ ጀምሮ፣ ያ መጽሐፍ ያለቀበትን ቤት ባየሁ ስል ኖሬአለሁ። በቅርቡ ደግሞ ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩበትን፣ በባዝ ከተማ የሚገኘውን ፌርፊልድ ሃውስን ጎብኝተን ስንመለስ፣ ባለቤቴ «የስደተኛ ቤት ካየን አይቀር የሁጎንም እንየው» አለና ነገሩ ተቆረጠ።

ችግሩ የመጣው ቀን ስንመርጥ ነው። ኦትቪል ሃውስ የሚባለው የሁጎ ቤት ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ብቻ እንደሆነ ተረዳሁ። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ስለሚሠራ ፈቃድ የሚያገኘው ወይ በኖቬምበር አጋማሽ ነው፤ አለዚያም ከሥራ ባልደረባው ጋር ተራ ከተለዋወጠ በኤፕሪል የመጀመሪያ ሳምንት ሊሆን ይችላል። እርሱ ኖቬምበርን ይመርጣል። ቤቱን ከውጭ አይተን፣ ቀሪውን ጊዜ በባሕሩ ዳርቻ በእግር እየሄድንና የአገሬውን ትናንሽ ሱቆች እየዞርን ብናሳልፈው ይበቃናል ባይ ነው። በዚያ ላይ በጀርመን ወረራ ዘመን በደሴቲቱ ስለነበረ የመጽሐፍ ማኅበር የሚተርከውን ፊልም ስለወደደው፣ ፊልሙ የተቀረጸባቸውን ቦታዎች ማየት ይፈልጋል። እኔ ግን በር ላይ ደርሶ መመለሱ ይቆጨኛል።

ደሴቲቱን የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች ብትመክሩን ምስጋናችን የላቀ ነው። ኖቬምበር ወይስ ኤፕሪል? ሱቆቹስ በብርዱ ወራት ይከፈታሉ?

ሰምና ወርቅ

የተከበሩ እህቴ፣ እኔ ያለማመንታት ኤፕሪልን እመርጣለሁ፤ ባለቤትዎ ቅር እንደማይላቸው ተስፋ በማድረግ ምክንያቴን ላስረዳ።

የብዙ ደራስያን ቤት ሲጎበኝ የሚታየው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ብዕርና በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠ መነጽር ነው፤ እንዲህ ያለው ቤት ቢዘጋም ብዙ አይቀርብንም። ኦትቪል ሃውስ ግን ራሱ እንደ አንድ የሁጎ ሥራ የሚቆጠር ነው። ሁጎ ሉዊ ናፖሊዮን በዲሴምበር 1851 ያካሄደውን የመንግሥት ግልበጣ ተቃውሞ ከፈረንሳይ ሸሸ፤ በብራስልስ አልፎ በ1852 ጀርዚ ደሴት ገባ፤ ከዚያም ሲባረር በ1855 ኦክቶበር መጨረሻ ገርንዚ ደረሰ። (በዚያው ዓመት ነው እኛ ዘንድ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት፤ ይህን ሳስብ ዘመኑ ይበልጥ ይቀርበኛል።) ቤቱን በ1856 የገዛው ከግጥም መድበሉ ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ ሲሆን፣ በዕድሜው የራሴ ብሎ የያዘው የመጀመሪያው ቤት ነበር። ባለርስት መሆኑም ከደሴቲቱ በቀላሉ እንዳይባረር ረድቶታል። በ1859 ያው ሉዊ ናፖሊዮን (ኋላ ናፖሊዮን ሦስተኛ የተባለው) ለስደተኞቹ ምሕረት ሲያውጅ፣ ነጻነት ወደ አገሩ ሳይመለስ እኔ አልመለስም ብሎ እስከ 1870 ድረስ እዚያው ቆየ።

በእነዚያ ዓመታት የቤቱን ውስጥ ከወለል እስከ ጣራ በራሱ ሐሳብ አስጌጠው። ያረጁ የባሉጥ እንጨት ሳጥኖችን ከየቦታው እየገዛ፣ በአናጢዎች አስፈታትቶ፣ በር፣ አግዳሚ ወንበርና የምድጃ ክፈፍ አድርጎ መልሶ አስገጣጠማቸው። በመመገቢያ ክፍሉ ምድጃ ላይ የተለጠፉት የዴልፍት ሸክላ ጡቦች የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በትልቁ ይሠራሉ። እዚያው ክፍል ውስጥ ማንም እንዳይቀመጥበት በሰንሰለት የታጠረ ወንበር አለ፤ የቀደሙት አባቶች ወንበር ነው፤ በላዩም «የሌሉት አሉ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። በሌላ ቦታ ደግሞ ስደት ሕይወት ነው የሚል ይነበባል። አገሩን ትቶ ለሚኖር ሰው እነዚህን ሁለት ጽሑፎች በአንድ ቤት ውስጥ ቆሞ ማንበብ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ አስጎብኚዋ ወደሚቀጥለው ክፍል ስታልፍ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር።

ምድር ቤቱ ጨለማ ነው ማለት ይቻላል፤ ጣራው ሳይቀር በሥጋጃ ተሸፍኗል። ፎቅ በወጡ ቁጥር ብርሃኑ ይጨምራል፤ ቀዩና ሰማያዊው አዳራሽ፣ የባሉጥ እንጨቱ ሰገነት፣ በደረጃው ራስ ላይ ያለው የመጻሕፍት መደርደሪያ ይታለፉና፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳውም ጣራውም መስተዋት ከሆነው ትንሽ ክፍል ይደረሳል። ሁጎ በየማለዳው ባሕሩን እየተመለከተ፣ ቆሞ የሚጽፈው እዚህ ነበር። ሰማዩ ሲጠራ የፈረንሳይ ጠረፍ ይታያል። ከውጭ ሆነው ሲያዩት ግን የመንገዱን ፊት የያዘ፣ ከጎረቤቶቹ ብዙም የማይለይ ቤት ነው፤ ይህ ሁሉ አይገመትም። የባለቤትዎ ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቤቱ ከ1927 ጀምሮ የፓሪስ ከተማ ንብረት ነው። ለረዥም ጊዜ እድሳት ተዘግቶ ቆይቶ በኤፕሪል 2019 እንደገና ስለተከፈተ፣ አሁን የሚታየው ቀለምና ጨርቅ ሁጎ ወደ ነበረበት ዘመን የቀረበ ነው። ጉብኝቱ በአስጎብኚና በትንንሽ ቡድን ብቻ ስለሆነ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

የባሕር ዳርቻ መንገደኛ

ከወንድሜ ከሰምና ወርቅ በአክብሮት እለያለሁ። ስለ ቤቱ የጻፈው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁጎ በደሴቲቱ የኖረው መስተዋት ክፍሉ ውስጥ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጽፎ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ይወጣ ነበር፤ በሃቭሌት ይዋኝ፣ እስከ ፈርሜን ወሽመጥ ድረስ በገደሉ አፋፍ ይሄድ ነበር። በ1866 የታተመውና ለገርንዚ ደሴት መታሰቢያ ያደረገው የባሕር ሠራተኞች ልብ ወለዱም ከዚሁ ከእግር ጉዞው የተወለደ ነው ብል አላጋነንሁም። በዚያ መታሰቢያ ላይ ደሴቲቱን ኮስታራና ለስላሳ ብሎ ይጠራታል። ለስላሳዋን በበጋ ማንም ያያታል፤ ኮስታራዋን ለማየት ግን ኖቬምበር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ባለቤትዎ ያሸነፉ እንደሆነ፣ ጉዞውን በዚያ መጽሐፍ ዙሪያ እንድታደርጉት እመክራለሁ። ታሪኩ በሴንት ሳምሰን ወደብ፣ በቶርትቫልና በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በፕሌንሞን ይመላለሳል፤ ሁሉም በአውቶቡስ የሚደረስባቸው ናቸው። ፕሌንሞን ላይ ሁጎ በመጽሐፉ ያነሣው የመናፍስት ቤት ዛሬ የለም፤ በምትኩ ጀርመኖች ከ1940 እስከ 1945 ደሴቲቱን ይዘው በቆዩበት ጊዜ የገነቡት የኮንክሪት የቅኝት ማማ ባሕሩን ቁልቁል እያየ ቆሟል። የባሕሩ መጠን ማደግና መጉደል በዚህ አካባቢ እስከ 10 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ፣ ጠዋት ጀልባ የተንሳፈፈበት ቦታ ከሰዓት በኋላ አረንጓዴ አልጌ የለበሰ ዓለት ሆኖ ይገኛል። ሰውየው ያንን ሁሉ ገጽ ስለ ዓለትና ስለ ማዕበል ለምን እንደጻፈ የሚገባው እዚያ ሲቆሙ ነው። የማዕበሉን ሰዓት ሰሌዳ ሳያዩ ግን ወደ ታች አይውረዱ፤ በምዕራብ በኩል ወደ ሊሁ ደሴት የሚወስደው የድንጋይ መንገድ ውኃው ሲመለስ ይሰጥማል።

በዋናው ከተማ በሴንት ፒተር ፖርትም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ ነገር አለ። ካንዲ በሚባለው የአትክልት ስፍራ ዣን ቡሼ የሠራው፣ በ1914 የተመረቀው የሁጎ ሐውልት ይገኛል፤ ካባውን ነፋስ እየገፋው፣ ወደ ፊት እየተራመደ ነው የተቀረጸው፤ እውነተኛው ነፋስ ሲጨመርበት ሐውልቱ ራሱ ያምርበታል። እዚያው አጠገብ በ1889 የተከፈተው የፕሪዮ ቤተ መጻሕፍት አለ። ስለ ደሴቲቱ ታሪክና ስለ ሁጎ የተሰበሰቡ መጻሕፍት ያሉበት ጸጥ ያለ ቤት ስለሆነ፣ ዝናብ ሲይዛችሁ የሻይ ቤት ተራ ከመጠበቅ ይሻላል። በኦትቪል ጎዳና ላይ ደግሞ የሁጎን ረቂቆች በእጇ ትገለብጥለት የነበረችው የዕድሜ ልክ ወዳጁ ዡልዬት ድሩዌ የኖረችበት ቤት ከእርሱ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ስለ ፊልሙ ግን ለባለቤትዎ የማያስደስት ወሬ ልነግራቸው ነው። በ2018 የወጣው ያ ፊልም በዋናነት የተቀረጸው በገርንዚ ሳይሆን በእንግሊዝ በዴቨን ሲሆን፣ ሴንት ፒተር ፖርት ሆና የተወነችው የክሎቬሊ መንደር ናት። እንዲያውም ጥቂት ክፍሎቹ እናንተው በምትኖሩበት በብሪስቶል ወደብ ነው የተቀረጹት፤ ያንን ለማየት መርከብ አያስፈልግም። የወረራውን ዘመን በእውነት ለማየት ከፈለጉ ግን ደሴቲቱ ሙዚየሞችና ምሽጎች ሞልተውባታል፤ በብርዱ ወራት ሰዓታቸው ስለሚያጥር አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሁጎ በ1859 ወደ ጎበኛት ወደ ሳርክ ደሴት የምትሄዱ ከሆነም በዚህ ወቅት የጀልባው ጉዞ ስለሚቀንስ፣ ተጉዛችሁ እዚያው እንዳታድሩ ተጠንቀቁ።

የጉዞ ማኅደር

እኔ ከሁለቱ ወንድሞች ክርክር ውስጥ ሳልገባ ለተጠየቀው የሱቅ ጉዳይ ብቻ ልመልስ።

ሱቆቹ በኖቬምበርም ይከፈታሉ፤ ደሴቲቱ ከስድሳ ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት ስለሆነች ገበያዋ በጎብኚ ብቻ የቆመ አይደለም። ትልልቆቹ መደብሮች በዋናው ጎዳና ላይ ናቸው፤ እነርሱን በብሪስቶልም ታገኟቸዋላችሁ። የአገሬው ሰዎች የያዟቸውን ትናንሽ ሱቆች ለማየት ከገበያው አደባባይ ወደ ላይ፣ በሚል ጎዳናና በማንሰል ጎዳና በኩል ውጡ። መንገዶቹ ጠባብና ድንጋይ የተነጠፈባቸው ናቸው፤ የዕደ ጥበብ ዕቃ፣ አሮጌ ዕቃና ልብስ የሚሸጡት እዚያ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ለሚፈልግ ሰው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሱቆች እንዳይንቅ እመክራለሁ፤ ስለ ደሴቶቹ የተጻፉና ሌላ ቦታ የማይገኙ መጻሕፍት እዚያ ይወድቃሉ። ወደ ሁጎ ቤት በሚያወጣው በኮርኔት ጎዳና ላይ የቅርስ ማኅበሩ የያዘው የቪክቶሪያ ዘመን ሱቅ አለ፤ ከረሜላ ከመስተዋት ማሰሮ እየመዘኑ የሚሸጡበት ነው፤ እርሱ ግን እንደ ሁጎ ቤት ወቅት ጠብቆ የሚከፈት ነው። እሑድ ብዙዎቹ ትናንሽ ሱቆች ስለሚዘጉ ለእሑድ የእግር ጉዞ ያዙ።

አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል የገርንዚን ሹራብ እላለሁ። ጠንከር ካለ ጥብቅ የሱፍ ክር የሚሠራ፣ ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ስለሆነ ዓሣ አጥማጁ በጨለማ ሲነሣ ገልብጦም ቢሆን የሚለብሰው ልብስ ነው። ትከሻው ላይ ያለው ጥልፍ ገመድንና መሰላልን፣ ሌላው የጥልፉ ክፍል ደግሞ የባሕር ሞገድን ይመስላል። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ግን ለልጅ የሚተላለፍ ነው። ስትገዙ በደሴቲቱ የተሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ስሙን ብቻ የያዘ ከሌላ አገር የመጣ ሹራብም ይሸጣል።

ስለ ገንዘብ፦ የእንግሊዝ ፓውንድ ይሠራል፤ መልስ የሚሰጣችሁ ግን ብዙውን ጊዜ በደሴቲቱ ገንዘብ ነው፤ የአንድ ፓውንድ ወረቀት ሳይቀር አላቸው። ወደ ብሪስቶል ይዛችሁት ብትመለሱ ሱቅ ውስጥ ስለማይቀበሏችሁ እዚያው ጨርሱት። ቴምብርም የራሳቸውን ነው የሚጠቀሙት፤ ፖስታ ሣጥኖቻቸው ሰማያዊ ናቸው። ደሴቲቱ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ስላልሆነች የስልክ ኩባንያችሁ ተጨማሪ ሒሳብ ያስከፍል እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ፤ ለአውሮፕላኑም ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዙ።

ምግብን በተመለከተ ሁለቱ የመረጣችኋቸው ቀኖች አንድ አይደሉም። ደሴቲቱ በላሟ የታወቀች ናት፤ ወተቷ ቢጫ እስኪመስል ድረስ የሰባ ነው፤ ዘቢብ ገብቶበት የሚጋገረው ጎሽ የሚባል ዳቦም በቅቤ የራሰ ነው። ጿሚ ከሆናችሁ የኤፕሪል የመጀመሪያ ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል፤ የኖቬምበር አጋማሽ ግን ከነቢያት ጾም በፊት ስለሆነ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ፍስክ ነው። ባቄላ ነው ብላችሁ የጾም ምግብ የሚመስላችሁን፣ በሸክላ ማሰሮ ሌሊቱን ሲበስል የሚያድረውን የደሴቲቱን ባህላዊ ወጥ ግን ሳትጠይቁ አትዘዙ፤ በጥንቱ አሠራር የአሳማ እግር ይገባበታል።

የብሪስቶሏ አንባቢ (ጠያቂ)

ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ምላሻችሁን ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። የባሕር ዳርቻ መንገደኛ ስለ ኮስታራዋ ደሴት የጻፉት ላይ ስደርስ «አየሽ!» ብሎ ነበር፤ ስለ ፊልሙ ያለው ላይ ስደርስ ግን ዝም አለ። ክርክሩን የዘጋው የቤቱ ነገር ነው፤ የቀደሙት አባቶች ወንበር ላይ የተጻፈውን ካነበበ በኋላ «እሱንስ ማየት አለብን» አለ። ባልደረባውን አነጋግሮ ተራውን ስለለወጠ፣ በኤፕሪል የመጀመሪያ ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ ለመሄድ ወስነናል። ጾሙን እንችለዋለን፤ ዳቦውን ለፋሲካ ይዘን እንመለሳለን፤ ሹራቡን ደግሞ እኔ እከፍላለሁ ብያለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የቤቱን ጉብኝት በየትኛው ቀን ብንይዘው ይሻላል? ባለቤቴ እንደደረስን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይሁን ይላል፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ደሴቲቱን ዞረን፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ብናየው የበለጠ ይገባናል ባይ ነኝ።

ሰምና ወርቅ

ደስ ብሎኛል፤ ባለቤትዎንም በእኔ ስም ያመስግኑልኝ።

ሰኞም ዓርብም አይሁን። የገርንዚ አውሮፕላን ማረፊያ ጉም የሚይዘው ቦታ ስለሆነ በረራ ሊዘገይ ወይም ጨርሶ ሊሰረዝ ይችላል፤ መርከቡም ነፋስ ሲበረታ እንዲሁ ነው። ሰኞ ብትይዙትና ብትዘገዩ ተራችሁ ያመልጣል፤ ዓርብ ብትይዙት ደግሞ አንድ ነገር ቢፈጠር የምትተኩበት ቀን የለም። እኔ ብሆን ማክሰኞን ወይም ረቡዕን እጠይቃለሁ፤ ቤቱ በሳምንት ውስጥ የሚዘጋበት ቀን ሊኖር ስለሚችል ቦታ ስትይዙ ያንን አረጋግጡ። የጠዋቱን ሰዓት ምረጡ። መስተዋቱ ክፍል ወደ ምሥራቅ ወደ ባሕሩ ስለሚመለከት ጠዋት ብርሃኑ ከፊት ለፊት ይገባል።

ከጉብኝቱ ስትወጡ ወደ ከተማው ቶሎ አትውረዱ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የአትክልት ቦታ ጠይቃችሁ እዩ፤ ሁጎ ወደ አገሩ ሊመለስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጁላይ 14 ቀን 1870 የተባበረች አውሮፓን በማሰብ የተከለው የባሉጥ ዛፍ እዚያ ነው። የባሕር ዳርቻ መንገደኛ የጻፉትን የፕሌንሞንን ጉዞ ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ አውቶቡሱ ከከተማው ወደብ አጠገብ ይነሣል።